በዐይን የማይታየው የሸቀጥ ጉድለት

በድሬዳዋ ገበያ እህል የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው በእጁ ዘግኖ ያያል፤ ያሸታል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቷን ይመረምራል። ይህ ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ከብዙ ኪሣራ አድኗል። ነገር ግን ጭነትን ከባሕር ማዶ ወደብ የሚያስመልሰውና የሰውንም ጤና የሚጎዳው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በዐይን አይታይም፤ በጥርስም አይታወቅም።

መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች በድንገት ባለቁ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለረጅም ዘመን የሚበላውም መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከዋሂል አንሥቶ እስከ ሐረርጌ ደጋ ድረስ የገበሬው ዋና እህል ማሽላ ነው። በሐረርጌ ማሽላን በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ሲሆን ጉድጓዱ እህሉን ከሌባና ከእሳት ቢጠብቅም ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት አይከለክልም። በባቢሌና በጉርሱም የሚበቅለው ለውዝ ደግሞ ከመነቀሉ በፊት ድርቅ ሲያገኘው ለሻጋታው ይጋለጣል፤ ለመፈልፈል እንዲቀል ቅርፊቱን በውሃ ማራስም ጉዳቱን ያብሳል።

የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለምግብ በሚውል ለውዝ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቢሊዮን እጅ 4 እጅ ማለት ነው። ይህን ሊለካ የሚችለው በመሣሪያ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው። ደግሞም መርዙ በጭነቱ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ከአንድ ጆንያ አፍ የተዘገነ እፍኝ ምስክር አይሆንም። ናሙናው ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ተወስዶ፣ በአንድነት ተፈጭቶና ተደባልቆ መመርመር አለበት።

አንዳንዶች የምርመራው ዋጋ ትርፍን ይበላል ይላሉ። ለትንሽ ነጋዴ ብቻውን ሲከፍል ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ከአንድ አውራጃ የሚገዙ ነጋዴዎች ናሙናውን በኅብረት ቢያስመረምሩ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀልለታል፤ አንድ ተመላሽ ጭነት ከሚያስከትለው የመርከብ ኪራይና የስም መጥፋት ጋርም አይወዳደርም። ይሁን እንጂ ምርመራ ክፉውን ከደጉ ይለያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። ነጋዴ ለደረቀውም ለረጠበውም እህል እኩል ዋጋ ከከፈለ የዋሂል ገበሬ ምርቱን በሸራ ላይ አስጥቶ በሚገባ የሚያደርቅበት ምክንያት አይኖረውም። የዋጋ ልዩነት ከማናቸውም ምክር ይልቅ ያስተምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ውጭ አገር ያልተቀበለው እህል ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በአገር ውስጥ ገበያ ከተሸጠ መርዙ ከፈረንጅ ማዕድ ተነሥቶ ወደ ልጆቻችን ገንፎ ገባ ማለት ነው። ለከብት መኖ ቢሆንም በወተት ተመልሶ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ከአውሮፓ ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ።

ሚዛኑን የሚያስመረምር ነጋዴ ይህን የሚያደርገው ገዢው ስለተጠራጠረው ሳይሆን ስሙን ስለሚጠብቅ ነው። እህሉንም ማስመርመር ከዚሁ የተለየ አይደለም። ለባሕር ማዶ ገዢ የሚደረገው ጥንቃቄ ለጎረቤት ገዢም ሊነፈግ አይገባም።