ስለ ጎመን አብቃዩና ስለ ከሳሾቹ

ወጣቶች ሆይ፤ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በኩል በወንዝ ዳር አትክልት በሚያለሙ ሰዎች ላይ አንድ ክስ ዘወትር ይሰማል። ይኸውም «በፍሳሽ ውኃ ጎመን እያበቀሉ ሕዝቡን ይመርዛሉ፤ ስለዚህ ይነሡ» የሚል ነው። ከሳሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ዘመኔን በማስተማር ያሳለፍሁ ስለ ሆንሁ፥ የተማረ ሰው ሳይመረምር ሲፈርድ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

በመጀመሪያ ተከሳሹን እንወቀው። ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና ዝቅ ሲል ቡልቡላ ይባላል፤ ቡልቡላም ወደ ትልቁ አቃቂ ገብቶ ኋላ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። በዚህ ውኃ ዳር አንድ ቤተሰብ በጥቂት መደቦች ላይ ቆስጣ፥ ሰላጣ፥ ጥቅል ጎመን፥ ካሮትና ቀይ ሥር ያለማል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መደቡን የሚያጠጣበት ሌላ ውኃ የለውም። ሽያጩም የሚበረታው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው፤ ሕዝቡ ሥጋና ወተት ሲተው ቅጠል ይፈልጋልና።

ይህን ሥራ ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሰላጣ ፀሐይ ሲነካው ስለሚጠወልግ ጤዛው ሳይረግፍ፥ ገና ሳይነጋ ይቆረጣል። ቆስጣ ግን ከሥሩ አይነቀልም፤ የውጭ የውጩ ቅጠል ተቀንጥሶ ልቡ ይተዋል፥ ከቀናት በኋላም እንደገና ይሰጣል። ቸኩሎ ልቡን የቆረጠ እንደ ሆነ የብዙ ቀን ገቢውን በአንድ ጠዋት አጠፋ ማለት ነው። አባት ይቆርጣል፥ እናት ታስራለች፥ ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ይሸከማሉ። አንዳንድ ጊዜም ነጋዴዋ መጥታ መደቡን እንዳለ ትገዛና ራሷ ትለቅማለች፤ ያን ጊዜ ዋጋ ቆራጯ እርሷ ናት፥ የደረሰ ሰላጣ ደንበኛ አይጠብቅምና። (ገበያውም ቢሆን አልረጋም፤ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሥቷል።)

ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቄራና በፒኮክ ማሳዎች በበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ለጤና የሚያሠጉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ገልጿል። ካሮትንም በዚያው ወንዝ አጥቦ ወደ ገበያ መላክ ጥፋት ነው። ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ ክሮሚየሙ ከየት መጣ? ዶማ ክሮሚየም አይወልድም። ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ፥ እርሳስ ከባትሪና ከቀለም ይመጣል። የወስፋት እንቁላልስ ከሰው መጸዳጃ በቀር ከየት ይወርዳል? አብቃዩ ከሁላችን በታች ሆኖ እኛ የለቀቅነውን ይቀበላል። አንድ ጊዜ ከፎቅ የወረደ ወጣት አንድን ሽማግሌ «አባባ፥ ይህን ቆሻሻ ማን ይበላዋል ብለው ነው?» ሲላቸው ሰማሁ። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ «ልጄ፥ ጎመኑ የኔ ነው፤ ሽታው ግን ከናንተ ቤት ነው የመጣው» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም ልፈልግለት አልቻልሁም።

«ይነሡ» የሚለው ፍርድ ታዲያ ምን ያድናል? ጎመኑ ቢነቀል ወንዙ እንደ ቆሸሸ ይቀራል። በመደቡ ላይ የሚቆመው ሕንፃም ፍሳሹ በሚገባ ካልተያዘ ሌላ ቧንቧ ይጨምርበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ፥ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው ያዝዛል። ይህ ከቀድሞው የ10 እጥፍ ይሻላል፤ ሆኖም ቆስጣ መቀንጠስ እንጂ ሌላ ሙያ የሌለው የሃምሳ ዓመት ሰው በገንዘቡ ምን ይሥራበት? አክዓብ እንኳ የናቡቴን ወይን የተመኘው አትክልት ሊተክልበት ነበር፤ የእኛ ዘመን ሰው ግን አትክልቱን ነቅሎ ሲሚንቶ ያፈስሳል።

መድኃኒቱ የማይታወቅ አይደለም። ውኃውን በጉድጓድ አቁሞ ማዝቀጥ፥ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ማጠጣት፥ ከመቆረጡ ጥቂት ቀናት በፊት ማጠጣትን ማቆም፥ ለማጠቢያ አንድ የቧንቧ ውኃ ማስገባት ተሕዋስያኑን ይቀንሳሉ። ብረቱን ግን እነዚህ ሁሉ አያስወግዱትም፤ እርሱ ከምንጩ፥ ከፋብሪካው በር ላይ መያዝ አለበት። የሕንዷ ካልካታ በምሥራቅ በኩል ባለው ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ እያጣራች ዓሣና አትክልት ታመርትበታለች፤ አምራቾቹን አባርራ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት ሲታወጅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርሁ፥ ዛሬም ወንዙ ይጥራ እላለሁ። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ቆሻሻውን ውኃ ዕድሜውን ሙሉ ታግሦ ሲያርስበት የኖረው ቤተሰብ፥ ውኃው በጠራ ቀን ከዳሩ ላይ አለመገኘቱ። እናንተ ነገ መሐንዲስና የክፍለ ከተማ ሹም የምትሆኑ፥ ፕላኑ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲዘረጋ ከሣሩና ከመናፈሻው አጠገብ ለጥቂት የቆስጣ መደቦች መስመር አስምሩ፤ የአብቃዩንም ስም ጻፉበት።