ልጅ የሚያስተረጉምበት የወላጅ ስብሰባ

«ወላጅ ይዘህ ና!»

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ይህችን ትእዛዝ ያውቃታል። ወይ ልጁ አጥፍቷል፣ ወይ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ፈልጓል። ከዚህ ውጭ ወላጅ የሚጠራበት ቀን እምብዛም ነው። በመቱና በኢሉባቡር ከተሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል፤ የተጠራው ወላጅ የሚነገረውን ላይሰማው ይችላል።

ከጎሬ እስከ ያዮ ያለውን ሕዝብ ተመልከቱ። ብዙው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ጎን ለጎን በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከትግራይ በሰፈራ የመጡ ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ። በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድም የአኙዋክና የኑዌር ሰው ያመላልሳል። የክልሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በዋናነት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ጆሮውን ያቆማል። አንዱ «ታዲያ ትምህርቱ ወደ አማርኛ ይመለስ» ሊል ነው። አይመለስም፤ መመለስም የለበትም። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ማለት በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የተረጋገጠ መብት ነው። ሌላው «እነሱ ቋንቋውን ይማሩ» ሊል ነው። ልጆቹ እየተማሩ ነው፣ እሰየው። የአርባ ዓመቷ እናት ግን እስከ ኅዳሩ ስብሰባ ድረስ ቁቤ ቆጥራ አትደርስም።

ለመሆኑ ይህ ነገር አዲስ ነው? ከደርግ ውድቀት በፊት መደበኛው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአማርኛ ነበር። አማርኛ የማይሰማ የኦሮሞ ገበሬ ቢሮ ሲጠራ የሚባለውን ሳይረዳ ቆሞ፣ በልጁ አፍ እየተተረጎመለት ይመለሳል። ያ ግፍ ነበር። ያን ግፍ ከአባቱ የሰማ ሰው ዛሬ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ በጎረቤቱ ላይ የሚደግመው የመጨረሻው ሰው መሆን ነበረበት።

ጉዳዩ ግን «የመጤ» ብቻም አይደለም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋን ኦሮሞ አንዱ ነበር፤ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። ቁቤ በትምህርት ቤት የገባው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ያኔ ማንበብ የተማሩ የኦሮሞ አባት ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ደብተር በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ ሊያቅታቸው ይችላል። ጭራሽ ፊደል ያልቆጠረውም ብዙ ነው። በደብተር ውስጥ ታጥፎ የሚላክ ወረቀት ለእነሱም ወረቀት ብቻ ነው።

ታዲያ ማን ያንብበው? ልጁ። የራሱን ጥፋት፣ የራሱን ውጤት፣ የራሱን ቅጣት ለወላጁ የሚተረጉመው ተከሳሹ ራሱ ነው። «ሒሳብ ወድቋል» የሚለው እቤት ሲደርስ «ጎበዝ ነው ተብያለሁ» ቢሆን ማን ይፈርዳል? ቀልዱ ይቅርና፣ አባቱ በመምህሩ ፊት አፍ አልባ ሲሆን ያየ ልጅ ለአባቱም ለመምህሩም ያለው ክብር ይሸረሸራል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።

ጊዜውም አለ። የዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ኢሉባቡር ቡና የሚለቅምበት ወቅት ናቸው። የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ቅርንጫፍ ላይ ባለበት ሰሞን፣ ያውም በገበያ ቀን ስብሰባ ጠርቶ «ወላጅ ግድ የለውም» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

መመሪያማ ሞልቷል። በ1994 የወጣው የትምህርት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ ለወላጅ ድርሻ ሰጥቷል። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምም ከአራቱ ዐበይት ጉዳዮች አንዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው ይላል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ተሳትፎ የሚለካው በብርና በቆርቆሮ ነው። መዋጮ ሲሆን ማንም በቋንቋው ምክንያት አይረሳም!

ሩቅ ሄዶ ማነጻጸር ይቻላል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችም ጭምር፣ እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው በሚረዳው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ባሕር ማዶ ለኢትዮጵያዊት እናት የተገኘው ክብር መቱ ላይ ለሰፋሪዋ፣ ለአኙዋኳና ፊደል ላልቆጠረችው ኦሮሞ እናት እንዴት ይጠፋል?

«በጀት የለም» እንዳይባል። የመቱ ገበያ ነጋዴ ያለ በጀት በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ቋንቋ ይለዋውጣል። ከመምህራኑም አፋን ኦሮሞንና አማርኛን አቀላጥፎ የሚናገር አይጠፋም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

• ስብሰባው በአፋን ኦሮሞ ይመራ፤ አዋቂ አስተርጓሚ ይኑር። ልጅ አያስተርጉም።
• ጥሪው በወረቀት ብቻ አይሁን። በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በስልክ ድምፅ ይነገር።
• በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ውስጥ ከየሰፈሩና ከየቋንቋው ሰው ይቀመጥ።
• የገበያ ቀንና የቡና ለቀማ ሰሞን ይታሰብ።
• በዓመት አንዴ እንኳ ወላጅ ለምስጋና ይጠራ።

ይህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትን ደብዳቤ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ርዕሰ መምህር ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ መዋጮው ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ያልመጡት እነማን ናቸው? የጠራናቸውስ በሚሰሙት ቋንቋ ነበር?