ለዳባት ልጅ ማን ይመልስለት?

ለመሆኑ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመርጠው ምኑን አውቆ ነው? ቅጹ ይመጣል፤ «ትልቁን አስቀድም» ይባላል፤ ሚኒስቴሩ ይመድባል። «ጎንደር ደረሰኝ!» ሲባል እልልታው ይቀልጣል።

የጎንደርን ትልቅነት ማን ይክዳል? በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሪያን ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀምር ተማሪውን ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ድረስ እየላከ ከገበሬው ጋር አገናኝቷል። ዛሬ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» ከተባሉት ስምንቱ አንዱ ነው። ዳባት ላይም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የዳባት እናት «ስንት ወለድሽ? ስንት ሞተብሽ?» ስትባል ስትመልስ ኖራለች። ልጇ ቅጽ ሲሞላስ? በመረጠው ትምህርት ክፍል ስንት መምህር አለ? ቤተ ሙከራው ይሠራል? የተመረቁት ሥራ ያዙ ወይስ እናት አባት ቤት ተመልሰው ተቀመጡ? ይህን ማን ነገረው?

«የምርምር» የሚለው ማዕረግ ለተቋሙ ክብር ነው። መምህሩ በጥናት ሰበብ ከክፍል ከጠፋ ግን ለጀማሪው ተማሪ ምን ይፈይድለታል?

ዩኒቨርሲቲው በዳባት ቤት ለቤት መዞሩን ያውቅበታል። እስቲ አንድ ዙር ደግሞ መልስ ይዞ ይምጣ፤ ያውም ቅጹ ሳይሞላ!