በረዶው ወረደ፣ ተራራው ግን አልተከፈተም

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ፓርክ ሲቲ በምትባለው የተራራ ከተማ፣ በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት መካከል የሚወርድ በረዶ ዓመቱን ሙሉ የሚናፈቅ ነው። ሆቴሎቹ ጢም ይላሉ፣ የአንድ ቀን የሸርተቴ መግቢያ ከ300 ዶላር በላይ ይሸጣል፣ ነጋዴው የክረምቱን ገቢ ጉልህ ድርሻ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ይሰበስባል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሰማዩ የሚጠበቅበትን አደረገ፤ በረዶው በሰዓቱ ወረደ። የተራራው አብዛኛው ክፍል ግን ተዘግቶ ሰነበተ። ከሩቅ ግዛት አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣው እንግዳ በተከፈቱት ጥቂት ሊፍቶች ሥር ተሰልፎ፣ ከላይ ማንም ያልረገጠውን ነጭ ተዳፋት ሽቅብ እያየ ዋለ። ወደ 200 የሚጠጉ የተራራው የጥበቃና የነፍስ አድን ሠራተኞች ታኅሣሥ 18 ቀን የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር። ዋናው ጥያቄያቸው የመነሻ ክፍያው በሰዓት ከ21 ዶላር ወደ 23 ዶላር ከፍ ይበል የሚል ነው። አድማው በእኛ ገና ማግስት፣ ታኅሣሥ 30፣ የጠየቁትን አግኝተው አበቃ። ሁለቷን ዶላር ሲከራከርባት የሰነበተው የሸርተቴ ሥፍራው ባለቤት ቬይል ሪዞርትስ ግን በአክሲዮን ገበያ ዋጋው ወርዶ፣ በእንግዶች ክስ ተመሥርቶበት፣ በኋላም በቀጣዩ ዓመት ትኬት ላይ ቅናሽ ሰጥቶ ነው ከጉዳዩ የወጣው።

ብዙው ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያነሣው የደመወዙን ክርክር ነው። ተገቢ ነው፤ እኔን ግን ከሥሩ ያለው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። የሸርተቴ ከተማ ሀብቴ በረዶዬ ነው ብሎ ያስባል፤ በማስታወቂያው የሚለጥፈውም እሱኑ ነው። ተራራ ላይ የተከመረ በረዶ ለብቻው ሲታይ አደጋ ነው፤ መዝናኛ የሚያደርጉት ሌሊት የሚሠሩና ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በረዶው በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይፈለጋሉ፤ መንገዱም በዚያው ልክ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ከተራራው አጠገብ የሚያድርበት ቤት በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ ድጎማ ተደርጎ መታየት የለበትም። እንደ ሊፍቱና እንደ ኤሌክትሪኩ የሥራው አካል ነውና፣ አዲስ ሆቴል ወይም አዲስ ሊፍት ሲፈቀድ ቤቱም በፈቃዱ ውስጥ ተጽፎ መግባት አለበት ባይ ነኝ።

ሥራውን በቅርበት ላላየ ይህ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ሸርተቴው አመሻሽ ላይ ሲዘጋ ተራራው አያርፍም። በሰንሰለት የሚሄዱ ግዙፍ የበረዶ መደልደያ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳሉ፤ ቀን በሺዎች የተቦረቦረውን በረዶ ፈጭተው፣ ደልድለው፣ ጠዋት እንደ እርሻ ትልም መስመር በመስመር አድርገው ይተዉታል። ከጎናቸው በረዶ የሚረጩት መድፎች ይጮኻሉ። እነዚህ መድፎች ውኃና የታመቀ አየር አንድ ላይ ወደ ላይ ይተፋሉ፤ ጠብታው መሬት ሳይነካ ደርቆ በረዶ ይሆናል። ለዚህ ታዲያ ቅዝቃዜ ብቻውን አይበቃም፤ የአየሩ እርጥበትም ይቆጠራል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ቴርሞሜትሩ ዜሮ አካባቢ እያለም ሥራው ይሄዳል፤ እርጥብ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚወርደው ውኃ ያዘለ ማጥ ነው። ያ የተመቸ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሌሊቱ ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ቱቦ የሚጎትተውና መድፉን የሚያዞረው ሰው በሰማዩ ጥሪ እንጂ በፈረቃ ሰንጠረዥ አይገዛም።

ቀጥሎ የጥበቃዎቹ ተራ ነው። ሌሊት አዲስ በረዶ ከወረደ፣ ሕዝቡ ቁርሱን ሳይጨርስ እነሱ ፈንጂ በቦርሳቸው ይዘው ጫፉ ላይ ናቸው። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ ነው፤ ደፋሩ የሸርተቴ ተጫዋች የሚወደውም ይህንኑ ተዳፋት ነው። ነፋስ ከአንዱ ገጽ ጠርጎ በሌላው ገጽ ላይ የሚከምረው በረዶ ከላይ ሲያዩት ለስላሳና ንጹሕ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ደካማ ንብርብር ሊኖር ይችላል። ጥበቃዎቹ ፈንጂውን ወርውረው፣ አንዳንዴም በራሳቸው ሸርተቴ ጫፉን ቆርጠው፣ ሊናድ ያለው በረዶ ሰው ሳይኖር እንዲናድ ያደርጋሉ። በአሜሪካ በበረዶ ናዳ የሚሞቱት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሞቱት ጥበቃ በሌለበት ተራራ ላይ ነው። በጥበቃ ሥር ባለ ቦታም ቢሆን አደጋው ፈጽሞ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ አልፓይን ሜዶውስ ሰባት ሰዎች ሞተዋል፣ በጥር 2024 ደግሞ እዚያው አካባቢ በፓሊሴድስ ታሆ አንድ ሰው ሞቷል። ልምድ ያለው ጥበቃ ስንት ዓመት የፈጀ ዕውቀት እንደሚይዝ ከዚህ መገመት አያቅትም። የትኛው ገደል በየትኛው ነፋስ እንደሚጫን የሚያውቅ ሰው የቤት ኪራይ አማርሮት ሲሄድ፣ በምትኩ የሚቀጠረው ያንን ዕውቀት ከዜሮ ይጀምራል።

የአየሩን ጠባይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ የእኛ አንባቢ ከፍታን ከብርድ ጋር አያይዞ ስለሚያውቀው። አዲስ አበባ ከፓርክ ሲቲ ከተማ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር፣ ፓርክ ሲቲ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናቸው፤ ራስ ዳሸንም ከዩታ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። በበረዶ ረገድ ልዩነቱን ያመጣው ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ነው። ዩታ 40 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ ከፓሲፊክ የሚነሣው ማዕበል የበረሃውን ምድር አቋርጦ ከዋሳች ተራሮች ጋር ሲጋጭ ውኃው የቀለለ ደረቅ በረዶ ሆኖ ይራገፋል። ከፓርክ ሲቲ ተራራው ማዶ ባለው አልታ፣ እ.ኤ.አ. በ2022–23 ክረምት የወረደው በረዶ ተደምሮ ወደ 23 ሜትር ደርሷል። ለሸርተቴ ወዳጅ ሕልም ነው፤ ለኑሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ናዳ ሲያሰጋ ወደ አልታ የሚያስገባው ብቸኛ የሸለቆ መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያም አልፎ በውስጥ ያለ ሰው ከሕንፃ እንዳይወጣ በሕግ ይከለከላል። በእንዲህ ያለ ቀን ሸለቆው ውስጥ ያደረ ሠራተኛ ሥራው ላይ ነው፤ ከተማ ያደረው ደግሞ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል።

የፓርክ ሲቲ አብዛኛው ሠራተኛ ታዲያ የሚያድረው ከከተማው ውጭ ነው። ድሮ የብር ማዕድን ቆፋሪዎች ይኖሩባቸው የነበሩት ቤቶች ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣሉ፤ ብዙዎቹም ባለቤታቸው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚያድርባቸው፣ ቀሪውን ጊዜ ወይ ባዶ የሚቀመጡ ወይ ለእንግዳ የሚከራዩ ናቸው። ምግብ አብሳዩ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ሊፍት ላይ የቆመው ወጣት ከሶልት ሌክ ሲቲ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወይም ከአጎራባች ሸለቆዎች ይመላለሳሉ። ከፔሩና ከአርጀንቲና በጊዜያዊ ቪዛ የሚመጡ ተማሪዎችም አሉ፤ የእነሱ አገር የበጋ ዕረፍት ከዚህኛው ክረምት ጋር ስለሚገጥም በአንድ ክፍል ተደራርበው ወራቱን ያሳልፋሉ። የከተማዋ አውቶቡስ በነጻ ነው፤ ይህ ያስመሰግናታል። በበረዶ ቀን ግን ነጻውም አውቶቡስ ተንሸራቶ መንገድ ከዘጋው ከባድ መኪና ኋላ ይቆማል። በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ወደ ሸርተቴ ከተማዋ ቬይል የሚያወጣውን አውራ ጎዳና በጥር ወር ነድተውት ከሆነ፣ 3,400 ሜትር ላይ ያለውን ዋሻ ለመሻገር የሚጠፋውን ሰዓት እኔ ልንገራቸው አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ወጣቱ ወዶ የገባበት ሥራ ነው የሚለው ነው፦ ነጻ የሸርተቴ ትኬት ያገኛል፣ ሁለት ክረምት ተዝናንቶ ይሄዳል፣ ገበያው ደመወዙን ይወስናል። ይህ ለሃያ ዓመት ወጣት ሊፍት ኦፕሬተር ሊሠራ ይችላል። ፈንጂ ለሚይዝ ሰው፣ ለአምቡላንስ ሠራተኛ፣ ለመንገድ በረዶ ጠራጊና ለመምህር ግን አይሠራም፤ ከተማ በሁለት ክረምት እንግዶች አይቆምም። ደግሞስ ገበያው ይወስን ከተባለ፣ ገበያው በዚያ የበዓል ሳምንት ተናግሯል፤ ሠራተኛው ሲቀር ከተራራው ላይ የሚሸጠው ጥቂት እንደሆነ በግልጽ ታይቷል። ደመወዝ መጨመሩ ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፦ ቤቱ ከሌለ በሰዓት የተጨመረችው ሁለት ዶላር ያችኑ ክፍል ለመከራየት በሚሻሙት ሰዎች መካከል ተሻምታ አከራዩ ኪስ ትገባለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በረዶው ራሱ እያለቀ ባለበት ዘመን ስለ ቤት ማውራት ምን ይረባል? በእርግጥም በአሜሪካ የሸርተቴ ወቅት እያጠረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ወቅቱ ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ ከ5 እስከ 7 ቀን እንዳጠረ አሳይቷል። የዝቅተኛ ተራሮች ዕጣ ከዚህም ይከፋል፤ ለእነሱ በብድር የሠራተኛ መንደር ገንቡ ብዬ አልመክርም። ከፍ ላሉት ተራሮች ግን ክርክሩ ወደ እኔ ያዘነብላል። ወቅቱ ሲያጥር እያንዳንዱ ክፍት ቀን ይወደዳል፤ መድፎቹ የሚሠሩባት ቀዝቃዛ ሰዓት ስትጠብብ ያቺን ሰዓት ሳያመልጥ የሚይዝ ሰው ደጅ ላይ መገኘት አለበት። ሙቀቱ ጨምሮ ማዕበሉ ወጣ ገባ ሲልም፣ ሠራተኛው በደረቁ ሳምንት ሰዓቱ ይቀነስበታል፣ በበረዶው ሳምንት እንቅልፍ ያጣል። በዚያ ዓይነት ገቢ የተራራ ከተማ ኪራይ የሚከፍል የለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው፦ ለሀብታም መጫወቻ ሠራተኛ ለማኖር የሕዝብ ገንዘብ ለምን ይወጣል? ይህን ጥያቄ ካናዳ ያለችው ዊስለር ከሁሉም በተሻለ የመለሰች ይመስለኛል። የከተማዋ የቤቶች ባለሥልጣን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ግቡም ቢያንስ 75 በመቶው ሠራተኛ እዚያው እንዲያድር ማድረግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሠራተኛ የሚጨምር ግንባታ የሚያካሂድ ባለሀብት ወይ ቤት ይሠራል፣ ወይ ለቤት መሥሪያ ይከፍላል፤ ቤቱ ሲሸጥም ዋጋው በጣሪያ የተገደበ ነው፤ ገዢው በከተማዋ የሚሠራ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ዋናውን ወጪ የሚሸከመው ትርፉን የሚያገኘው ነው። የኮሎራዶዋ የቬይል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሌላ መንገድ ይዛለች፦ ለቤት ባለንብረቶች ገንዘብ ከፍላ፣ በቤቱ የሚኖረው የአካባቢው ሠራተኛ ብቻ እንዲሆን በይዞታ ሰነዱ ላይ ታስመዘግባለች። እዚህ ላይ የከተማ ገንዘብ ይወጣል፤ ሆኖም አዲስ መሬት አይቆፈርም፣ ደንም አይጨፈጨፍም። ሁለቱም ችግሩን አልጨረሱትም። ዊስለር ዛሬም ረጅም የተጠባባቂ ዝርዝር አላት፤ ይህም የሚያሳየው ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

የፓርክ ሲቲ አካባቢ አሁን ዕድል በእጁ አለ። ዩታ እ.ኤ.አ. የ2034ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ታዘጋጃለች፤ የሸርተቴ ውድድሮች አንድ ክፍልም እነዚሁ ተራሮች ላይ ይካሄዳል። አዘጋጆቹ ከ2002ቱ ኦሊምፒክ የቀሩትን ሜዳዎች እንደሚጠቀሙና አዲስ ቋሚ የውድድር ሥፍራ እንደማይገነቡ ይናገራሉ፤ አትሌቶቹንም እንደ ያኔው በሶልት ሌክ ሲቲ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያዎች ሊያሳድሩ አስበዋል። ለሜዳዎቹ ቁጠባው ትክክል ነው፤ ስንት አገር ለሁለት ሳምንት ብሎ የሠራው ስታዲየም በስብሶ ቀርቷል። ለማደሪያው ግን ዊስለርን ቢመለከቱ ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያ የተሠራው የአትሌቶች መንደር ውድድሩ ሲያበቃ ቼካመስ ክሮሲንግ የተባለ የሠራተኞች ሰፈር ሆኗል።  ከውድድሩ የተረፈው ቤት ዛሬ የከተማዋን ሠራተኞች ያኖራል፤ ዩታ ለ2034 ስትዘጋጅ እንደዚህ ያለ መንደር በተራራው በኩል ለመሥራት ገና ጊዜ አላት፤ መሬቱን የሚመድበውና ግዴታውን በግንባታ ፈቃዱ ላይ የሚጽፈው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን የአካባቢው ምክር ቤት ነው።