ከመንገድ በፊት ባንክን መምረጥ

አንድ ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲነሣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ በዝግጅቱ ይጠመዳል። ፓስፖርቱና ቪዛው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱና የብርድ ልብሱ፣ በሶው፣ በርበሬውና ሽሮው ሳይቀር አንድ በአንድ ይታሰብለታል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሽር ጉድ መካከል፣ በአገሩ ትቶት ስለሚሄደው የባንክ ሒሳብ አጥብቆ የሚያስብ መንገደኛ እጅግ ጥቂት ነው። የባንኩ ነገር «ከደረስሁ በኋላ ይታያል» እየተባለ ይታለፋል። ከደረሱ በኋላ ግን ነገሩ ከብዶ ይገኛል።

ስለ ስንቅ ማሰብ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላው የሚቀሩት ምን እንደሚበሉም አስቀድሞ ያሰናዳ ነበር። ዛሬ የዚህ ዐይነቱ ዝግጅት አንዱ ክፍል በባንክ በኩል የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ለተማሪዎቻችንና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ ወደድን።

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከአገሩ ጋር ያለው የገንዘብ ግንኙነት በአውሮፕላን ማረፊያ አይቋረጥም። ለእናቱ የሚቆርጠው ገንዘብ አለ፤ ለታናሽ ወንድሙ የሚከፍለው የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ የዕድር መዋጮም አለ። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ በየወሩ ሲቆጥብ የቆየም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ቁጠባውን ካቋረጠ የብዙ ዓመት ተስፋው ሊበላሽ ይችላል። ከመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ አግኝቶ የሚሄድ ሠራተኛም ደመወዙ የሚገባው በአገሩ ባለው ሒሳብ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ችግር እንዲፈጸም የሚያደርገው ወይም የሚያሰናክለው መንገደኛው የተወው ባንክ ነው።

በአገራችን የባንክ ምርጫ የሚባል ነገር ራሱ አዲስ ነው ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ባንክ ለረጅም ዘመን በጥቂት ድርጅቶች እጅ ብቻ ነበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ለየብቻ ሥራ ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ። የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ተቋቋመ። አሁን 30 ያህል ባንኮች አሉን። ወለድ ለማይቀበሉ ደንበኞችም በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ በሆነ አሠራር ሥራ ጀምሯል። በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር ተከፍቷል። ስለዚህ አባቶቻችን ያልነበራቸው ምርጫ ለዛሬው ወጣት አለው። ምርጫ ያለው ሰው ደግሞ የመምረጫውን ሚዛን ማወቅ ይገባዋል።

ብዙ ሰዎች ሒሳብ የሚከፍቱት ለቤታቸው ወይም ለመሥሪያ ቤታቸው በሚቀርበው ቅርንጫፍ ነው። በአገር ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ መልካም ሚዛን ነው። በቶሮንቶ ወይም በዱባይ ለሚኖር ሰው ግን የቅርንጫፉ ቅርበት ምንም አይጠቅመውም። ለእርሱ የሚጠቅመው፣ ባንኩ ያለ እርሱ መገኘት ምን ያህል ሊያገለግለው እንደሚችል ነው። እንግዲህ መንገደኛው ለባንኩ የሚያቀርበው ዋና ጥያቄ «እኔ በሌለሁበት ምን ትሠሩልኛላችሁ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የስልክ ነገር ነው። በአሁኑ ጊዜ አብዛኛዎቹ ባንኮች በእጅ ስልክ ገንዘብ ማዘዋወርን ይፈቅዳሉ። ነገር ግን የሚስጥር ቁጥሩ የሚላከው ሒሳቡ በተከፈተበት የአገር ውስጥ ስልክ ቁጥር ነው። መንገደኛው ስልኩን ለወንድሙ ትቶ ከሄደ፣ ወይም የስልክ መስመሩ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቆይቶ ከተዘጋ፣ ገንዘቡ እያለ በር ተዘጋበት ማለት ነው። ይባስ ብሎም ያ ቁጥር በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ባንኩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የውጭ አገር ስልክ ቁጥር ትመዘግባላችሁን? መልእክቱ በውጭ አገር ይደርሳልን? ስልክ ቢጠፋ በኤምባሲ በኩል በተረጋገጠ ደብዳቤ ቁጥር ትለውጣላችሁን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅን የሚመልስ ባንክ፣ በማስታወቂያ ከሚያጌጠው ባንክ ይበልጣል።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በውጭ አገር ግን የቤተ ሰብ ስም ስለሚጠየቅ፣ አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ይሰጣል። ከዚህም በላይ አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለትና ሦስት ዐይነት ሆኖ ይገኛል። በባንክ ደብተሩ አንድ ዐይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዐይነት ከሆነ፣ ከውጭ የተላከው ገንዘብ ባለቤቱ ሳይታወቅ ይዘገያል ወይም ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ በሒሳቡ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ፊደል በፊደል እንዲስማማ ማስደረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በኋላ ግን የብዙ ወር ደብዳቤ ይጠይቃል። የፋይዳ መታወቂያውም ከሁለቱ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ይገባል፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ይህን መታወቂያ መጠየቅ በአዲስ አበባ ተጀምሯልና።

ሦስተኛው የውክልና ነገር ነው። ብዙ ወጣቶች «ሙሉ ውክልና» ሰጥቼ ሄጃለሁ ብለው ይተማመናሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ጠቅላላ ውክልናን ከልዩ ውክልና ይለያል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚሆን ነው። ስለዚህ ተወካዩ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት፣ ሒሳብ መዝጋት ወይም ብድር መፈረም እንዲችል ከተፈለገ ይኸው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ እንዳይችል ከተፈለገም እንዲሁ። ሰነዱ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ከመሄድ በፊት ቢፈጸም ቀላል ነው። በውጭ አገር ሆኖ መስጠት ግን በኤምባሲው ወይም በቆንስላው መፈረምን፣ ከዚያም በአገር ቤት እንደገና ማስረገጥን ይጠይቃል። በዚህ ላይ ሁሉም ባንክ ውክልናን በአንድ ዐይነት መንገድ አይቀበልም፤ ስለዚህ ረቂቁን አስቀድሞ ለባንኩ ማሳየት ብልህነት ነው። ወንድምን ማመን መልካም ነው፤ ወሰኑ የታወቀ ውክልና ግን ወንድማማችነትንም ከጠብ ይጠብቃል።

አራተኛው ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚቀመጥ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ብዙ ዓመታት ግን የገበያው ዋጋ ከዚህ ወለድ በላይ ሲወጣ ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ቀድሞ 57 ብር ከግማሽ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሒሳቡ 575,000 ብር ትቶ የሄደ ሰው በፊት 10,000 ዶላር ያህል ነበረው፤ ዶላሩ 100 ብር በገባ ቀን ያው ገንዘብ 5,750 ዶላር ሆነ። ከሒሳቡ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ነው ይህ የሆነው። እንግዲህ በብር የሚከፈል ዕዳና ተቆራጭ ያለበት ሰው ለዚያ የሚበቃ ብር ይተው፤ በውጭ አገር ሊያወጣው ያሰበውን ሁሉ ግን በብር አስቀምጦ መሄድ አይበጀውም።

ለዚህም መንገድ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ አገር የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዶላር፣ በፓውንድና በዩሮ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ይህ በተለምዶ የዲያስፖራ ሒሳብ የሚባለው ነው። ዛሬ የሚሄደው ተማሪ ወዲያውኑ ሊከፍተው ባይችልም፣ ከዓመት በኋላ ሊከፍተው የሚችልበትን ባንክ አሁኑኑ መምረጥ ይችላል። በ2016ቱ ለውጥም ከውጭ በሚላክ ገንዘብ በአገር ውስጥ ነዋሪዎች ስም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፈት ስለ ተፈቀደ፣ ቤተ ሰብም ከዚህ ሊጠቀም ይችላል።

አምስተኛው ገንዘብን የመላክ ነገር ነው። ባንኩ በየትኞቹ የሐዋላ ድርጅቶች በኩል እንደሚቀበል፣ ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ በስንት ቀን እንደሚያደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የገንዘብ መላኪያ ዋጋ በ2030 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ዓላማ አድርጓል፤ ዛሬ ግን በዓለም በአማካይ የሚከፈለው የዚህ እጥፍ ያህል ነው። በውጭ ያሉ ባንኮች «አይባን» የሚባለውን ቁጥር ሲጠይቁ ብዙ ተማሪዎች ይደናገራሉ። የኢትዮጵያ ባንኮች በዚህ ቁጥር አይሠሩም፤ የሚያስፈልገው የሒሳቡ ቁጥርና የባንኩ የስዊፍት መለያ ነው። ይህን በወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድ ቀላል ነው።

በዚህ ጊዜ «በደላላ ቢላክ ይበልጣል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል። ልዩነቱ እንደሚያጓጓ አንክድም። ነገር ግን በደላላ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ ቢጠፋ ከሳሽ የለውም፤ ነገ ቤት ሲገዛ ወይም የዲያስፖራ ሒሳብ ሲከፈት «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። በምንዛሪ ጥቂት ለማትረፍ ብሎ ዋናውን ማጣት፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆን ነው።

ስለ ገንዘቡ ደኅንነትም አንድ ቃል እንጨምር። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ የሚደርሰው መድን እስከ 100,000 ብር ነው። ከዚህ የበለጠ ያለው ሰው በሁለት ባንክ ቢያስቀምጥ ይመረጣል። ሁለት ባንክ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ሲስተሙ ሲቋረጥ ሌላው ያገለግላልና። ከሁለት ማለፍ ግን አያስፈልግም፤ ማንም የማያንቀሳቅሰው ሒሳብ ከጊዜ በኋላ ታግዶ ባለቤቱን በአካል ቅረብ ይለዋል።

የሚሄዱበትንም አገር ሕግ መርሳት አይገባም። በአሜሪካ የግብር ሕግ ነዋሪ ተብሎ የሚቆጠር ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ማስታወቅ አለበት። በአዲስ አበባ ያለው ሒሳብም በዚህ ይቆጠራል። ስለዚህ በየዓመቱ የሒሳብ መግለጫ በኢሜል የሚልክ ባንክ መምረጥ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

አንዳንዶች «ዛሬ ቴሌብርም አለ፣ የእጅ ስልክም ሁሉን ይሠራል፤ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?» ይሉ ይሆናል። ስልኩ በሥርዐት ሲሠራ እውነታቸውን ነው። እኛ የምንለው ግን ስልኩ እምቢ ባለ ቀን ከስልኩ በስተጀርባ ሰው ይኖራልን? ነው። ባንኮቻችንም በዚህ በኩል የሚቀራቸው አለ። በውጭ አገር ያለ ደንበኛ የሚጽፈውን ደብዳቤ ተቀብሎ በቀናት ውስጥ መልስ የሚሰጥ፣ የሰዓቱንም ልዩነት የሚያስብ አንድ ክፍል ሊኖራቸው ይገባል። የውጭ ምንዛሪ የሚልከውን ልጅ በማስታወቂያ መጋበዝ ብቻ አይበቃም፤ ችግር ሲያገኘው ማዳመጥም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለመንገድ የተነሣ ወጣት ከመሄዱ ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ይለይ። ሁለት ወይም ሦስት ባንኮችን ይጠይቅ፤ የመረጠውንም ባንክ ለአንድ ወር እዚሁ እያለ ይፈትነው። ስልኩን፣ ስሙን፣ ውክልናውን፣ የገንዘቡን መልክና የመላኪያውን መንገድ በዚያው ጊዜ ያስተካክል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በወር መጨረሻ ከባንክ መስኮት ፊት ተሰልፋ የልጇን ተቆራጭ የምትጠብቅ እናት ባዶ እጅዋን እንዳትመለስ፣ የዚህ አንድ ቀን ድካም ብዙ አይደለም።