እህል ያልቀመሰች ልጅ ስኳሯ ከየት መጣ?

የዛሬው ወጋችን ከራሴ ዘመድ ቤት የተነሣ ነው።

የአጎቴ ልጅ 20 ዓመቷ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ቆሽቷ ኢንሱሊን ስለማያመነጭላት ከልጅነቷ ጀምሮ በመርፌ ትወስዳለች። በፈተና ሰሞን ጭንቀቱ ምግብ አስጠላት። «እህል ካልቀመስኩ መርፌው ምን ይሠራልኛል?» ብላ ሁለት ቀን ተወችው። በሦስተኛው ቀን ሆዷን ቆረጣት፣ ታስመልስ ጀመር። እኛ ደግሞ «ጨጓራዋ ነው፣ ተልባ አጠጧት» እንላለን! ሐኪም ቤት ስትደርስ ስኳሯ ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዴ! አፏ ውስጥ ምንም ሳይገባ ስኳሩ ከየት መጣ?

ከገዛ ጉበቷ ነዋ! ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃሉ። እነሱ ፈተናና ጅብ አይለዩም። ለመሮጫ ጉልበት እንዲሆን ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዙታል። ኢንሱሊን በበኩሉ ጉበትን «በቃህ!» ይለዋል፤ በደም ያለውንም ስኳር ወደ ጡንቻ ያስገባል። ኢንሱሊን ከሌለ ታዲያ ከልካይ የለም። ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን ሊጠቀምበት ስላልቻለ ስብ ማቃጠል ይይዛል። ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የተባለ አሲድ ደምን ይመርዛል። ትውከቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል።

«እኔ ስኳር የለብኝ፣ ምን አገባኝ?» የምትል ወንድሜም ስማኝ። ጭንቀት ወራት ሲያስቆጥር ኮርቲሶል የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማል። ቆሽትም እልህ ይዞት አብዝቶ ያመነጫል። ሁለቱ አብረው ሲበዙ ስብ ሆድ አካባቢ መከማቸት ይቀናዋል።

ምክሬ ይኸውላችሁ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ልጆች፣ ምግብ ቢቀርም መርፌውን ጨርሶ አታቋርጡ፤ መጠኑን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ። በጭንቀትና በሕመም ቀን ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ተለኩ። የውሃ ጥም፣ የሽንት መመላለስ፣ ትውከትና ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ ተልባውን ተዉትና ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ወላጆችም ስኳሩ በወጣ ቁጥር «ደብቀሽ ጣፋጭ በልተሽ ነው» እያላችሁ አታስጨንቋት፤ ቁጣችሁም ራሱ ስኳር ይጨምራል።

የአጎቴ ልጅ ተመስገን ድናለች። ፈተናውንም ዘግይታም ቢሆን ተፈትናለች፤ መርፌዋን ወግታ!