ጀልባዋ ምን ጭና ነበር?

ከፈረንሳይ ስመለስ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ቶንጎ ያለው አጎቴ ቡናው እየተፈላ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ጀልባዋ ምን ጭና ነበር?» አለኝ። «እኛን ብቻ» አልኩት። «ታዲያ የት አደረሰቻችሁ?» «ወደተነሳንበት መለሰችን።» ሳቁ አላስጠጣው ብሎ ሲኒውን አስቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ነግዷል፤ አህያም ይሁን አይሱዙ ባዶውን ሲመለስ ካየ ያመዋል። ነዳጅ አቃጥሎ ወደተነሱበት መመለስ እረፍት ይባላል ብዬ ባስረዳውም አልተዋጠለትም።

እኔ እረፍቱን ወድጄዋለሁ፣ አልደብቅም። ጀልባዋን የተከራየው ቱሉዝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ካኦር ከምትባል ከተማ፣ ሎት በሚባል ወንዝ ላይ። መኝታና ማድቤት አላት። መንጃ ፈቃድ የጠየቀን የለም፤ አከራዩ መሪውንና ገመዱን አሳይቶ ለቀቀን። ፍጥነቷ ገበያ እንዳይረፍድበት ከሚራመድ ሰው እምብዛም አይበልጥም። ወንዙ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ ሁሉ በሁለት በር የሚዘጋ የድንጋይ ክፍል አለ። ጀልባዋ ትገባለች፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ውኃው ከላይኛው እኩል እስኪሆን ይሞላል፣ ከዚያ የፊቱ ይከፈታል። ሎት ላይ መዘውሩን የሚያዞረው ተጓዡ ራሱ ነው። ወንድሜ መሪውን አልለቅም ስላለ መዘውሩ የኔ ሆነ፤ ታናሽ ታላቁን እንዲህ ሲያዝ በቶንጎ ቢታይ ጉድ ይባል ነበር።

የአጎቴ ጥያቄ ትዝ ሲለኝ ግን ያየሁት ሁሉ መልኩን ይቀይራል። ቡዚየስ የምትባል መንደር አጠገብ ገደሉ በወንዙ ዳር ዳር ተፈልፍሎ መንገድ ወጥቶለታል። ያን የሚያህል ቋጥኝ የተፈለፈለው ለእንደኔ ዓይነቱ ሽርሽረኛ አይደለም፤ ጀልባ በገመድ ለሚጎትቱ ሰዎችና ከብቶች ነው። የካኦር ወይን በርሜል ሙሉ እየተጫነ እስከ ቦርዶ ይወርድ የነበረው በዚህ ወንዝ ነው። ባቡር ሲመጣ ጭነቱ ሸሸ፣ ሎትም እ.ኤ.አ. በ1926 ከመጓጓዣ ወንዞች መዝገብ ተሰረዘ። እንደገና ለጀልባ የተከፈተው በ1990 ነው፣ ያውም በከፊል፣ ለእረፍት ወዳዶች። ከዚያ በስተደቡብ ያለው፣ 240 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና በ1681 የተጠናቀቀው የሚዲ ቦይም ታሪኩ ያው ነው፤ የተቆፈረው ለስንዴና ለወይን ነበር። ቱሪስቱ የመጣው ነጋዴው ባነጠፈው ድንጋይ ላይ ነው።

ይህን የማነሳው ከሕዳሴ ግድብ ጀርባ ስለተኛው ንጋት ሐይቅ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ሐይቁ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ሪዞርትና ፈጣን ጀልባ ነው። ነገሩ ቶንጎንም ይመለከታል። የዳቡስ ወንዝ ከኛ በስተምሥራቅ አልፎ ዓባይን የሚቀላቀለው ከግድቡ በላይ ነው፤ በሐይቁ ውስጥ የዳቡስም ውኃ አለበት። ሐይቁ 246 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተኝቷል። በዳርና ዳሩ ያለ ሰው፣ በተለይ ጉሙዙ፣ ከፊሉ ቀዬውን ለቆ ተዛውሯል፤ ለቀረው ደግሞ ትናንት በእግሩ የሚሄድበት ቦታ ዛሬ ውኃ ነው። ይህ ሰው ማሽላውን፣ ዓሣውን፣ የታመመ ልጁን የሚያሻግርበት ጀልባ ከሪዞርቱ በፊት ይምጣ ነው የምለው።

እንዲህ ያለው ጀልባ ለእንግዳም ጥሩ እንደሆነ ጣና አሳይቶናል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ ይገባ የነበረው መርከብ የተሠራው ለጤፍ ጆንያና ለገበያተኛ ነው፤ የውጭ አገር መንገደኞች ግን ፈልገው ይሳፈሩበት ነበር። ከዶሮው፣ ከጆንያውና ከሰዉ ጨዋታ ጋር ቀስ ብሎ መሄዱን ነው የወደዱት። የባሮ ወንዝ ደግሞ ሌላውን ያሳያል። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መነሻ የተቆረቆረችው ጋምቤላ በየክረምቱ በባሮ በኩል በእንፋሎት መርከብ ቡና ወደ ካርቱም ትልክ ነበር። ንግዱ ሲከስም መርከቡም ቀረ። የሎት ወንዝ ስድሳ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ሁለተኛ ዕድል አግኝቷል፤ ባሮ እስካሁን የሚያስታውሰው አላገኘም።

የገበያ ጀልባ ኪሳራ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ቶንጎ ድረስ የተደለደለውን የጠጠር መንገድ ግን አትራፊ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። የአሶሳ ማንጎ መጓጓዣና ገዢ አጥቶ ከዛፉ ሥር ሲበሰብስ ማየት የለመደ ሰው ኪሳራ የሚለውን ቃል ለጀልባ ብቻ ባያስቀምጠው ደስ ይለኛል። የጸጥታውም ጉዳይ አለ። በነቀምትና በመንዲ በኩል ወደ አሶሳ የሚመጣው መንገድ ለዓመታት ሲቆራረጥ ከርሟል፤ የሪዞርት እንግዳ በዚህ ወቅት ዝር አይልም። ገበያተኛው ግን ቀውስም ቢሆን ይገበያያል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በክረምትና በበጋ የሐይቁ ከፍታ ስለሚለያይ አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል መውጫ መውረጃ ይሠራ፤ የጀልባው መንገድ በተንሳፋፊ ምልክት ይለይ፤ ለተሳፋሪው ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር፤ የጉዞው ቀን ከየመንደሩ የገበያ ቀን ጋር ይግጠም። ቀዛፊውና ገንዘብ ተቀባዩ ከዳርቻው ልጆች ይቀጠሩ፤ ጉማሬው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የእረፍት ጀልባ ማምጣት ለሚፈልግ ባለሀብትም ቦታ አይጠበውም፤ ሐይቁ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።